ከድሬዳዋ ወደ ደብረ ብርሃን፦ የአንድ ቴክኒሻን የመጀመሪያ ሳምንታት

ይህ ጽሑፍ አንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ቴክኒሻን ከድሬዳዋ መጥቶ ደብረ ብርሃን ሥራ ሲጀምር የገጠመውን ይተርካል። እኔ እሱ የተቀጠረበት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ባልደረባ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ነው። አዲሱን ሰው ከሥራውም ከከተማውም ጋር እንዳስተዋውቀው የተመደብሁት ለዚህ ይመስለኛል። ብዙውን ነገር አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ቀሪውን እሱና አከራዩ ነግረውኛል። እንድጽፈውም ፈቅደዋል። የሰዎቹን፣ የፋብሪካውንና የክሊኒኩን ስም ግን አላነሳም።

የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። እንግዳ ሰው ከተማችን ሲመጣ የሚያመውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልለን እናልፈዋለን። ራሱን ሲያመው «አገሩን እስኪለምድ ነው» እንላለን። እንቅልፍ ሲያጣም እንደዚያው። እውነት ነው፣ አብዛኛው ነገር ጥቂት ቀን ሲሰጡት ይለቃል። አንዳንዱ ግን ቀን በሰጡት ቁጥር ይብሳል። በዚህ ልጅ ላይ ሁለቱ ተከታትለው መጡ። የሚለቀው ከለቀቀ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያው የበፊቱ መሰለው። ለጥቂት ነው የተረፈው።

ከቆላ ወደ ደጋ

ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ ተምሮ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርቷል። ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሰሜን ሄዶ አያውቅም። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈረ። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደረሰ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ታልፋለች። ልጁ በሁለት ቀን ውስጥ 1,600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። በእኛ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ 30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ ያደገ ሰው ይህን ከነመኖሩም አያውቀውም። እሱ ግን የመጀመሪያ ቀን የፋብሪካውን ደረጃ ወጥቶ ሳይጨርስ ቆመ። ደረቱን ይዞ «አቦ፣ ልቤ ሊወጣ ነው» አለኝ።

የመጣው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ጊዜ ነው። ቀን ፀሐይዋ ትለበልባለች። ስትጠልቅ ብርዱ ዱብ ይላል። ደመና ስለሌለ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርላት የለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ ከዚያ የሚወርድበትም አለ። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ልጁ ለዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ስስ ጃኬትና ሁለት ሽርጥ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ፔንሲዮን አደረ። ራሱን አመመው። እንቅልፍ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አስቸገረው። ምግብ አልበላ አለው። ይህ ከፍታው ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት በወጣ ሰው ላይ የተለመደ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀን ይለቃል። ቀስ ብሎ እንዲራመድ፣ ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ ነገርሁት። የክፍላችን ልጆች በደግነት «አረቄ ያሞቅሃል» ብለው ሊጋብዙት ነበር። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው። እኔ ግን እንዲቆይ መከርሁት። አልኮል ለጊዜው ሙቀት ይሰጣል፣ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ግን ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። በከፍታ ቦታ ለአዲስ ሰው እንቅልፉንም ያበላሽበታል። ልጁ መጀመሪያም ጠጪ አይደለም፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

በአራተኛው ቀን ራስ ምታቱ ለቀቀው። ደረጃውንም ሳያርፍ መውጣት ቻለ። ይህን ቀን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ኋላ ትልቅ ትርጉም ያለው እሱ ነው።

ቤትና ዋስ

ቤት በደላላ አገኘ። ጠባሴ አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። በሩ ብረት ነው። አንዲት ትንሽ ባለ መስታወት መስኮት አለችው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ወለሉ ሊሾ ነው። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ቢሆን ማታ በሩን ከፍተው ደጅ ቁጭ ይሉበታል። እዚህ ግን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲያወርድ ያድራል።

ደላላው የሦስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ጠይቆ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፣ አፈጻጸሙ ግን ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። እኛ ከሕጉ ይልቅ በሽምግልና ሄድን። አከራዩ እማማ ራሳቸው «ልጁ እንግዳ ነው፣ ሁለት ይበቃኛል» አሉ። ቀበሌ ወስደው ያስመዘገቡትም እሳቸው ናቸው።

ከእማማ ጋር የጀመሩት ግን በቅያሜ ነበር። የድሬ ሰው ከትልቅ ከትንሹ ጋር «አንተ» «አንቺ» እየተባባለ ነው የሚያድገው። እዚያ የቅርበት ምልክት እንጂ ንቀት አይደለም። ልጁም በመጀመሪያው ቀን ሰባ ዓመት የተጠጉትን ሴት «አንቺ፣ ውኃው መቼ ነው የሚመጣው?» አላቸው። እማማ ዝም አሉ። ማታ እኔን ጠርተው «ይሄ ልጅ አሳዳጊ የለውም እንዴ?» አሉኝ። የአገሩ ልማድ መሆኑን አስረዳኋቸው። ለእሱም ነገርሁት። በጣም ደነገጠ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ለማለት ሲታገል አንዳንዴ «እርስዎ ነይ» ይል ነበር። እማማ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ፣ ቅያሜውም ያን ዕለት አለቀ። ይህን የማነሳው ኋላ በሩን ያንኳኩት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ቅያሜው ቢቀጥል ኖሮ የዚያን ጠዋት ማንኳኳታቸውን እጠራጠራለሁ።

ዋስም ያስፈልገው ነበር። ብዙ ፋብሪካ መሣሪያ ለሚረከብ ሠራተኛ ደመወዝተኛ የሆነ ተያዥ ይጠይቃል። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ አንድ የድሬ ልጅ በሰው በሰው ተገኘና ፈረመለት። የባንክ ሂሳቡ አላስቸገረም፣ የፋይዳ መታወቂያው ድሬ የወጣ ቢሆንም እዚህም ሠራለት።

ገንዘቡ ግን አስቸገረ። የፋብሪካው የደመወዝ ዝርዝር የሚዘጋው ወሩ ሳያልቅ ነው። እሱ የገባው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያ ደመወዙ ወደሚቀጥለው ወር ተሻገረ። ይዞት የመጣው ብር በቤት ኪራይ፣ በፍራሽና በባልዲ አለቀ። ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ገዛ፣ ስስ የሆነውን። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ስስ ብርድ ልብስ መሬት ላይ ተኛ። ኑሮ ሲጀመር እንዲህ ነው፣ ሰው የሚቆጥበው ከሚያድርበት ነው።

ከሰሉ

እማማ ክፍሉን ሲያከራዩ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ነበራቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው። ምክንያታቸው ክፋት አይደለም። ግቢው በሙሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ የተሠራ ነው። ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሂሳቡ እላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣል። ከዚህ በፊት አንድ ተከራይ ምድጃ ሲጠቀም ከርሞ ሂሳቡን ለእሳቸው ጥሎላቸው ሄዷል። ስለዚህ ለተከራዮቻቸው መብራትና ስልክ ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው የፈቀዱት።

ልጁ ቡና ሳያፈላ፣ ራቱን ሳይሠራ ማደር አልቻለም። ከሰል ማንደጃ ገዛ። መጀመሪያ ደጅ አወጣው። የሌሊቱን ነፋስ አልቻለውም። ወደ ቤት አስገባው።

እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ገባ፣ ማንም ባላሰበው በኩል። ልጁ ፉል ወዳድ ነው። ድሬ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። ባቄላው አልበስል ይላል። እሱ ድሬ በለመደው ሰዓት ሲያወጣው ጥሬ ሆኖ አገኘው። ከሰል ጨመረ። ነገም እንደዚያው። ማንደጃው ማታ ከ1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ ድረስ ይነድ ጀመር። ራቱ ከበሰለ በኋላ ደግሞ ፍሙን ማውጣት አልፈለገም። ቤቱ ሞቋላ! በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በአሮጌ ሱሪ ወተፈው። የመስኮቷን ዳር በጋዜጣ ጠቀጠቀው። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቆት ተኛ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ራስ ምታቱ ተመለሰ።

ጠዋት ሲነሳ ጭንቅላቱ ይከብደዋል። ያጥወለውለዋል። ጉልበቱ ይዝላል። በሠራተኛ ሰርቪስ ተሳፍሮ ፋብሪካ ሲደርስ ቀስ እያለ ይሻለዋል። እስከ ምሳ ሰዓት ጤነኛ ይሆናል። ማግስቱን ያው ነው። አንድ ማታ ጎረቤቱ ኳስ በስልክ ሊያይ ገብቶ ጨዋታው ሳያልቅ ራሱን ይዞ ወጣ። ብርድ መትቶኝ ይሆናል ብሎ ነው የሄደው።

ልጁ ለአለቃው አልነገረም። ምክንያቱን ኋላ ስጠይቀው «ሙከራ ላይ ነኛ!» አለኝ። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የሕመም ፈቃድ የሚለው አንቀጽም የተጻፈው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። አዲስ ሰው በጣም የሚታመምበት ወቅትና ሕጉ ትንሽ ከለላ የሚሰጥበት ወቅት አንድ ሆኑ። ይህ እኔን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ከሥራ በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ማታ ነው፣ በዚያ ሰዓት ሕመሙ ለቆታል። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉለት። ጥሩ ነው ተባለ። ደሙ ታየ። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘለት። እማማም ምች መስሏቸው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡት። የሥራ ጓደኞቹ ከፍታው ነው አሉት። ከድሬ በስልክ እናቱ ናፍቆት ነው አሉ። ሁሉም ከልብ ነው የተናገረው። ልጁ የታዘዘለትን እየዋጠ ከማንደጃው ጋር ማደሩን ቀጠለ።

ቅዳሜ ጠዋት

እኔ በዚያ ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ነበርሁ። የሆነውን የማውቀው ከእማማ ነው።

ልጁ ሁልጊዜ ማለዳ ቧንቧው ጋ ሄዶ ባልዲውን ይሞላል። ያን ቅዳሜ አልወጣም። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ እንደ ተዘጋ ነው። አንኳኩ። ዝም አለ። ደጋግመው መቱት። ከውስጥ የሚጎተት ነገር ሰሙ። መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። ልጁ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ተዘረጋ። አስመለሰው። ይናገራል፣ የሚለው ግን አይያዝም።

እማማ ገና በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታቸውን መታቸው። ዓይናቸው ማንደጃው ላይ አረፈ። «ከሰሉ ነው! ከሰሉ አፍኖት ነው!» ብለው ጮኹ። ሌሎቹ ተከራዮች ሮጠው ደረሱ። ግቢው መሐል አወጡት። በርና መስኮቱን በረገዱት። ባጃጅ ተጠርቶ ሆስፒታል ወሰዱት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው የት እንዳደረ ነው። እማማ መለሱለት። ወዲያው ኦክስጅን ጭንብል ተደረገለት። እኔ ስደርስ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ግን አወቀኝ። «አንተ፣ ሥራ ቀረሁ እኮ» አለኝ። ማታውን አድሮ በማግስቱ ወጣ።

ለምን ማንም አልደረሰበትም

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ ደሙ ግን ኦክስጅን አያደርስም። ቀድሞውንም ኦክስጅን በሳሳበት ከፍታ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በጭንብል ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ልጁ ፋብሪካ ደርሶ እስከ ምሳ የሚሻለው ጋዙ በዚያ ሰዓት ከደሙ ቀስ በቀስ እየወጣ ስለነበር ነው።

ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያም የሚያታልለው በዚሁ ነው። ተራው መለኪያ ኦክስጅን የተሸከመውንና ይህን ጋዝ የተሸከመውን ደም አይለይም። ሁለቱንም ጥሩ ብሎ ያነባል። ለታይፎይድ በብዛት የሚሠራው የደም ምርመራም በሽታው በተስፋፋበት አገር ያልታመመን ሰው «አለብህ» ሊል የሚችል ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ቢያንስ «ከቤት ስትወጣ ይሻልሃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ነገሩ እዚያው ይገለጥ ነበር።

ሁለቱ ራስ ምታቶች በስማቸው እንጂ በጠባያቸው አይመሳሰሉም። የከፍታው እንደ ደረሰ ጀመረው፣ ቀንም ማታም ነበረ፣ ደጅ ቢወጣም አልተወውም። ሊተወውም አይችልም፣ ደጁም ያው ከፍታ ነው። በአራተኛው ቀን ለቀቀ። የከሰሉ የመጣው ማንደጃው ከተገዛ በኋላ ነው። ጠዋት ይብሳል፣ ከክፍሉ ሲርቅ ይለቃል፣ ማታ ሲመለስ ይጀምራል። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥም ያመዋል። ጎረቤቱን አስታውሱ። በመካከላቸው ደግሞ ምንም ያላመመው ጊዜ አለ። ለምጄዋለሁ ያለው ሰው ለምን እንደገና ታመመ? የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ልጁ ከሰል አያውቅም የሚል ሰው ይኖራል። በደንብ ያውቃል። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በከሰል ቡና አፍልተዋል። ድሬ ግን ከሰል የሚነደው ደጅ ነው፣ ወይም በሩ በተበረገደ ቤት ውስጥ። ሌሊት የሚዘጋ ቤት፣ በጨርቅ የሚወተፍ በር ከነአካቴው አያውቅም። ለእሱ አዲሱ ከሰሉ ሳይሆን የተዘጋው ቤት ነበር። እኛ ደግሞ የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል እንደሚያፍን ከልጅነታችን ስለምንሰማ ለማንም መንገር ያለብን ነገር አይመስለንም። እማማ ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃው አስጠንቅቀውታል። ስለ ከሰሉ የሚያስጠነቅቁበት ምክንያት አልታያቸውም። የማያውቅ ሰው አለ ብለው እንዴት ያስቡ?

ብዙ ሰው፣ እዚህ ያደገውም ጭምር፣ አንድ ነገር ይሳሳታል። ጭሱ ካለቀ፣ ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም ይላል። ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል። እንዲያውም ጭስ የለውም ተብሎ ወደ ውስጥ የሚገባው ይኸው ፍም ነው ሰው የሚጎዳው። የድሮዎቹ የጭቃና የእንጨት ቤቶች በየግድግዳውና በየጣሪያው ቀዳዳ ነበራቸው፣ ምድጃውም ብዙ ጊዜ ማድ ቤት ነበር። የዛሬው ሰርቪስ ክፍል በሲሚንቶ የታሸገ ነው። ቤቱ ተቀይሯል፣ ማንደጃው ግን ያው ነው።

ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ የተነሳው የቆጣሪው ነገር ነው። ያነሳውም ራሱ ልጁ ነው። ለእማማ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ለክፍሉ ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ገዝቶ ራሱ ይገጥማል። በየወሩ የቆጠረውን ያህል ድርሻውን በትክክል ይከፍላል። እማማ ተቀበሉ። ሲያዩት ጊዜ ለሌሎቹ አራት ክፍሎችም እንዲገጥም ጠየቁት። የቆጣሪዎቹን ዋጋ እሳቸው ችለው፣ እሱ የአንድ ወር ኪራይ ተቀነሰለት። አሁን ግቢው ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማብሰል ተፈቅዷል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ከሰል ይቀጣጠላል፣ ግን በረንዳው ላይ ነው። እማማ ማንደጃ ይዞ ደፍ የሚያልፍ ተከራይ ካዩ ድምፃቸው እስከ አስፓልት ይሰማል።

ብርዱን በሌላ መንገድ ያዝነው። ልጁ መሬት ላይ ባለ ፍራሽ ነበር የሚተኛው። ሊሾ ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነት ሙቀት ይመጥጣል፣ ከላይ የሚደረበው ብርድ ልብስ ይህን አያቆምም። ከጥገና ክፍሉ ልጆች ጋር ሆነን ከአሮጌ የዕቃ ጣውላ አልጋ ሠራንለት። እኔ ከቤቴ አንድ የመንዝ ባና አመጣሁለት። ባና ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፣ የመንዝ ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች የሠሩት። መጀመሪያ ይኮሰኩሰኛል አለ። አሁን ልመልስልህ አይልም። ውኃ አሙቆ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ እግሩ ሥር ያስቀምጣል። ይህን ያስተማረችው ጎረቤቱ የሆነች ነርስ ናት። ከሁሉ የጠቀመው ግን ኮርኒሱ ነው። እማማ ማዳበሪያ አሰፍተው ጣሪያው ሥር አስወጠሩ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ታየ።

ለፉሉ ባቄላውን ከዋዜማው ይዘፈዝፈዋል፣ በፕሬዠር ድስትም ይቀቅለዋል። ፕሬዠሩ ግፊቱን ስለሚጨምር ውኃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል፣ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። ፕሬዠሩን የገዛው በመጀመሪያ ደመወዙ ነው።

የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ቋሚ ሆኗል። የቀረበት ያ ቅዳሜ በአለቃችን በጎ ፈቃድ በሌላ ቀን ተተካለት። በጎ ፈቃድ መሆኑ ግን አይበቃም፣ ሌላ አለቃ ቢሆን ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ እኔና የክፍሉ ባልደረቦች ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቀናል። አንደኛው ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሠራተኛ የደመወዝ ዝርዝር ቢዘጋበትም የመጀመሪያውን ወር የሚሻገርበት ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጠው ነው። ሁለተኛው በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካመጣ ጥቂት የሕመም ቀን እንዲፈቀድለት በፋብሪካው የሥራ ደንብ እንዲገባ ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን ነው የሚያስቀምጠው፣ አሠሪው ከዚያ በላይ እንዳይሰጥ አይከለክልም።

የመጀመሪያው ተፈቅዷል። ሁለተኛው ገና አመራሩ ጋ ነው። ከአርባ ምንጭ ሁለት አዲስ ሠራተኞች እንደሚመጡ ተነግሮናል። ቤት እየፈለግንላቸው ነው፣ እማማም አንዱን ክፍል ይዘውልናል።